የ«እስኪ ስለ ራስህ ንገረኝ» አንድምታ

የቢዝነስ ትምህርት ቤት የመግቢያ ቃለ መጠይቅ ንባቡ አጭር፣ ትርጓሜው ረጅም ነው። ንባቡን ማንም ጎበዝ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይወጣዋል፦ ስለ ራስህ ንገረኝ፤ ኤምቢኤ ምን ያደርግልሃል፤ ለምን አሁን፤ ለምን እኛ ጋ፤ ሰው የመራህበትን ጊዜ ንገረኝ፤ ድክመትህ ምንድን ነው፤ የምትጠይቀኝ አለ? አለቀ። ትርጓሜውን ለመጨረስ ግን ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ ወንበር ዘርግተው በሺህ በሚቆጠር ዶላር የሚያስተምሩ መምህራን ተነሥተዋል፤ በዓለማዊ ስማቸው የመግቢያ አማካሪዎች ይባላሉ። ደቀ መዛሙርቶቻቸው ባንክ ወይም ቴሌኮም የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸው ሃያዎቹን ያጋመሰ፣ ስለ ሌላው ሁሉ ሲጠየቁ አፋቸው የሚፈታ፣ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ የሚደነግጡ ወጣቶች ናቸው። ይህ ጥናት አንድምታውን ገንዘቡ ላልሞላለት ሰው ባጭሩ ለማስቀመጥ የተዘጋጀ ነው።

«እስኪ ስለ ራስህ ንገረኝ።» አንድም፦ ማመልከቻህን አላነበብኩትም። ይህ በብዙ ትምህርት ቤቶች የጸና ትርጓሜ ነው፤ ጠያቂው ሲቪውን ብቻ ይዞ እንዲገባ ሆን ተብሎ ይደረጋልና። አንድም፦ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ አንተ ራስህ አንብበኸው እንደሆነ ላጣራ። ይህ የሃርቫርድ ነው። እዚያ ጠያቂው ድርሰቱን፣ የድጋፍ ደብዳቤዎቹን፣ የኮሌጅ ውጤቱን ጨርሶ ይገባና ለሠላሳ ደቂቃ ከዚያው ውስጥ እየመዘዘ ይጠይቃል። አንድም፦ ቡናዬን እስክጨርስ ድረስ ተናገር። ሊቃውንቱ በሦስተኛው ይከራከራሉ፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል።

ሐተታ፦ መልሱ ሁለት ደቂቃ ገደማ እንዲሆን ታዟል። አመልካቹ ይጽፈዋል፣ በቃሉ ይይዘዋል፣ በስልኩ ይቀዳዋል። ቀድቶ ሲሰማው የተጠና ይመስላል። ስለዚህ ያልተጠና እስኪመስል ድረስ እንደ ገና ያጠናዋል። ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ «እ...» ያስገባል። ቃል የጠፋበት ለመምሰል ቀና ብሎ ጣሪያ የሚያይበትን ቦታ በእርሳስ ያሰምርበታል። አንድ ወዳጄ ያጠናበት ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «እዚህ ጋ ፈገግ» የሚል ተጽፎ አይቻለሁ። ፈገግታው የአያቱ ዕረፍት ከሚነገርበት መስመር ላይ ስለ ወደቀ በኋላ ወደ ታች ሁለት መስመር ተዛውሯል።

ጥያቄው አዲስ አበባ ለተቀመጠ አመልካች በዙም ሲመጣ ትርጓሜው የሰዓት ሊቅነትንም ይጨምራል። በቦስተን ጠዋት 10 የተባለው ቀጠሮ በኦክቶበር እኛ ጋ ከቀኑ 11 ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሱና ያው ቀጠሮ ከምሽቱ 12 ይሆናል። ይህን ያልለየ ሰው ክራባቱን አስሮ ባዶ ስክሪን ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ፈገግ ብሎ ይቀመጣል። አለባበሱ ከወገብ በላይ ሱፍ፣ ከወገብ በታች ቱታ ነው። ካሜራው ከዓይኑ ጋር እንዲተካከል ላፕቶፑ በሁለት መዝገበ ቃላትና በአንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ ይወጣል። መብራት ቢጠፋ የሞባይል ዳታ ተሞልቷል፤ ቤተሰቡ ድምፅ እንዳያሰማ ቃል ገብቷል፤ ሠራተኛዋ ሽንኩርት መክተፏን አቁማለች። ማንም ያልለመነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ልክ ስለ መሪነት ሲጠየቅ «ቆራሌው!» እያለ በደጅ ያልፋል።

ስለ መሪነት የሚጠይቀው ንባብ ለሐበሻ አመልካች ከሁሉ ይከብዳል። መምህራኑ መልሱን በአራት ይከፍሉታል፦ ሁኔታው፣ የተሰጠህ ኃላፊነት፣ ያደረግኸው፣ የተገኘው ውጤት። ልጁ በሁለቱ ላይ ችግር የለበትም። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «ተነጋገርን፣ ተስማማን፣ ሠራን» ይላል።

«አንተ ምን አደረግህ?»

«ከቡድኑ ጋር ሆነን...»

«ገባኝ። አንተስ?»

እዚህ ላይ ግንኙነቱ የተቋረጠ ይመስላል፤ ኢንተርኔቱ ግን ደህና ነው። ልጁ ዝም ያለው «እኔ» ማለት አቅቶት ነው። ያደገው እንግዳ ፊት «እኔ እኮ አንደኛ ወጣሁ» ሲል እናቱ ዓይኗን እያፈጠጠችበት ነው። ውጤቱን መናገር የእናቱ ድርሻ ነበር፤ የሱ ድርሻ መሬት መሬት ማየት ነበር። አሁን መሬት መሬት ካየ በግምገማው ቅጽ ላይ «በራስ መተማመን ይጎድለዋል» ተብሎ ይሞላበታል።

ባህላችን ራስን ማወደስ አያውቅም የሚለውን የማይቀበሉ አሉ፤ ፉከራን ይጠቅሳሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ፎካሪው «እኔ» ከማለት አይቆጠብም። ሁኔታውን ያስቀምጣል፣ የተጣለበትን አደራ ይናገራል፣ ያደረገውን ከነመሣሪያው ይዘረዝራል፣ ውጤቱንም በቁጥር ያቀርባል፤ የአራቱ ክፍል ሥርዓት ይኸው ነው። የሚጎድለው ጠያቂው መጨረሻ ላይ የሚያነሣው «ከዚህ ምን ተማርክ?» ብቻ ነው። ከጦር ሜዳ ተመልሶ በሚቀጥለው ጊዜ የቡድኑን ስሜት ቀደም ብዬ አዳምጥ ነበር ያለ ፎካሪ በታሪክ አይታወቅም።

ስለዚህ ልጁ ይሠለጥናል። መስተዋት ፊት «ቡድኑን የመራሁት እኔ ነኝ» ይላል። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነው። ቀጥሎ ጮክ ይላል፣ ግን «በእግዚአብሔር እርዳታ» ይከተለዋል። በመጨረሻም እርዳታውን ትቶ ይናገራል። ሥልጠናው እንደያዘ የሚታወቀው እሑድ ምሳ ላይ ነው። ሽሮው ሊገነፍል ሲል ምድጃውን ማን እንዳጠፋ እናቱ ሳትጠይቀው ይናገራል፤ ከነውጤቱ።

ስለ ድክመት የሚጠይቀው ንባብ ብዙ ሐተታ አያስፈልገውም። ተቀባይነት ያለው ድክመት ቀድሞ የነበረ፣ አሁን የተሻለው፣ ጠባሳው ግን ለማሳየት ያህል የቀረ ነው። «ፍጹም ካልሆነ ዕረፍት የለኝም» የሚለው ድሮ ጥሩ ድክመት ነበር፤ ሁሉም ስለያዘው ዛሬ እንደ ወረርሽኝ ይታያል። ስንፍና፣ ቅናትና ጠዋት መነሣት አለመቻል በቢዝነስ ትምህርት ቤት አመልካቾች ላይ እስካሁን አልታዩም።

ዋርተን የሚባለው የቢዝነስ ትምህርት ቤት ብቻውን የሚናገር ሰው ስለ ሰለቸው ይመስላል፣ አምስት ስድስት አመልካቾችን ባንድ ላይ አስቀምጦ አንድ ጉዳይ እንዲወያዩ ለሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል ይተዋቸዋል። ጠያቂው ዳር ሆኖ ያያል። የሁሉም ዓላማ ሌላውን መብለጥ ነው፤ የሚበልጡት ደግሞ ለሌላው ቦታ በመልቀቅ ነው። «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እሱ ላይ ልጨምርና...» «አይ፣ አንተ ጨርስ።» «የለም፣ አንቺ ልትናገሪ ነበር።» በየበሩ «ኧረ አንተ ቅደም» ሲባባል ላደገ ሰው ይህ እንደ ቤቱ ነው። አደጋው እውነት መስሎት ሠላሳ አምስቱን ደቂቃ በር ላይ መጨረሱ ነው።

የግቢ ጉብኝት ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች መጎብኘት ለመግቢያ እንደማይቆጠር በግልጽ ይናገራሉ። አንድም፦ እውነታቸውን ነው። አንድም፦ ፈተናው ይህን አምኖ የሚቀረውን መለየት ነው። ጎብኚው «ክፍል ገብቼ ባየሁ ጊዜ» የምትለውን አንዲት ሐረግ ለማግኘት አውሮፕላን ይሳፈራል። ሃርቫርድ ሲገባ ዘጠና ያህል ተማሪ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ተደርድሮ፣ ስሙን በካርድ ፊቱ አቁሞ፣ ፕሮፌሰሩ ሳይታሰብ ማንን እንደሚጠራ ሲጠብቅ ያገኛል። ኬዝ በሚባለው በየመወያያ ጉዳዩ ላይ እንዲህ ይኖራል፤ ሁለት ዓመት። ጎብኚው መናገር አይፈቀድለትም፤ ዳር ተቀምጦ የገባው ለመምሰል ራሱን ይነቀንቃል። ከቦስተን ወደ ሰሜን ከሁለት ሰዓት በላይ ተጉዞ ሃኖቨር፣ ተክ የሚባለው ትምህርት ቤት ሲደርስ ደግሞ በረዶው ውስጥ እየተንቀጠቀጠ «ማኅበራዊ ሙቀቱ ማረከኝ» የሚለውን ይለማመዳል። ስም ለቀማም አለ። አንድ ፕሮፌሰር፣ አንድ ክበብ፣ አንድ ተማሪ ካልተለቀመ የተጓዘበት ትኬት ከስሯል፤ «ለምን እኛ ጋ?» ሲባል የሚቆጠረው እሱ ነውና።

ከአዲስ አበባ የሚነሣው ጎብኚ ግን በመንገዱ ላይ ሌላ ቃለ መጠይቅ አለበት። እንጦጦ መንገድ ላይ፣ ከመስታወት ጀርባ፣ በቁም ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜም ሠላሳ ደቂቃ ይቅርና አምስትም አይሞላም። ንባቡ የተጻፈው በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በአንቀጽ 214 ቢ ነው። ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ እዚያው ሊቀር እንደ መጣ ይቆጠራል። ጥያቄዎቹ ሲሰሙ ያው ናቸው፦ ለምን ትሄዳለህ፣ ለምን እዚያ፣ ከዚያ በኋላስ? መልሱ ግን ተገልብጦ ይነበባል። ትምህርት ቤቱ «ከአሥር ዓመት በኋላ የት ትሆናለህ?» ሲለው አፍሪካን በሙሉ የሚያገናኝ የክፍያ ሥርዓት እየመራ፣ ከናይሮቢ ሲንጋፖር ሲመላለስ ነው። ቆንስላው ሲጠይቀው ቦሌ ነው፤ ያው ቢሮ፣ ያችው እጮኛ፣ በስሙ የተመዘገበው ያው መሬት። ለአንዱ ዓለም የማይበቃው መሆን አለበት፤ ለሌላው ከቀበሌው ወጥቶ የማያውቅ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሱፍ የሚያልፍ ሰው ካለ በኔ አስተያየት ኤምቢኤው ቀርቶበት በቀጥታ ዲፕሎማት ቢሆን ይሻላል።

ቪዛውን ካገኘ ሦስተኛው ጠያቂ አክስቱ ናቸው። ማረፊያው ሲልቨር ስፕሪንግ እሳቸው ቤት ነው፤ ቃለ መጠይቁም ከደለስ አየር ማረፊያ ሲወጡ መኪና ውስጥ ይጀመራል። «ስንት ነው ክፍያው? ማን ነው የሚከፍለው? ሥራህንስ ለማን ትተህ ነው? ስትጨርስ ደግሞ ሥራ ታገኛለህ?» የትኛውም የመግቢያ ኮሚቴ እነዚህን አልጠየቀውም፤ የትኛውም መምህር አላዘጋጀውም። አንድምታም የላቸውም፤ ንባባቸው ትርጓሜያቸው ነው። ልጁ «እ...» ይላል፤ ይህኛው በእርሳስ አልተሰመረበትም።

«የምትጠይቀኝ አለ?» አንድም፦ ጊዜህ አልቋል። አንድም፦ ጊዜህ አላለቀም፤ አሁን ነው የምትመዘነው። ድረ ገጹ ላይ ያለ አይጠየቅም፤ ውጤት መቼ እንደሚነገርም አይጠየቅም፤ ጠያቂው ራሱ ከትምህርት ቤቱ በጣም የሚወደው ምኑን እንደሆነ ይጠየቃል። እሱም ለማሰብ ቀና ብሎ ጣሪያ ያያል።

በሃርቫርድ ነገሩ እዚህም አያበቃም ነበር። አመልካቹ ከቃለ መጠይቁ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ የተሰማውን ጽፎ እንዲልክ ይጠየቅ ነበር፤ ጽሑፉ ትኩስ ስሜት እንጂ የተቀመመ ድርሰት እንዳይሆን ይፈለግ ነበር። ቅድም ያልኩት ወዳጄ ትኩሱን ስሜቱን ከቀጠሮው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ጨርሶ፣ እንግሊዝኛውን አሳርሞ፣ አንድ ትንሽ የፊደል ስሕተት ሆን ብሎ አስገብቶበት ነበር። «ያልጠበቅሁት ጥያቄ አስደሰተኝ» የሚል ነበረበት። የቀረው ጠያቂውን ወደዚያ ጥያቄ እንዴት እንደሚያመጣው ማጥናት ነበር።