የፎገራ ላም ለጾም

የአዲስ አበባ ካፌዎች «የጾም በርገር» እና «የጾም ክትፎ» ማቅረባቸው ሊመሰገን ይገባዋል፤ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ የሚለየው ጿሚ ከሥጋ ጣዕም እንዳይለይ አስበውለታልና። ነገሩ አዲስ አይደለም የሚል ካለም እውነቱን ነው፤ እናቶቻችን የሽምብራ ዱቄት አቡክተው፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጠውና ጠብሰው ወጥ ውስጥ ሲጨምሩ ኖረዋል። በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የፎገራ ሜዳም ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ያበቅላል፤ ስለዚህ ዓሣ ከጣናም ከማሳውም ይወጣል ማለት ነው። እንግዲህ ሽምብራ በቅርጹ ዓሣ ከሆነ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሣር የጋጠችው የፎገራ ላም በቀለቧ አትክልት የማትሆነው ለምንድን ነው? «ደም አላት» የሚል ይኖራል፤ የጾሙ በርገርም እኮ ቀይ ሥር ገብቶበት ይደማል። የቀረው፣ ጾም ማለት መተው የሚመስላቸው የጣራ ገዳም መናንያን ሜኑው እንዲደርሳቸው ማድረግ ብቻ ነው።