ልኩ የጠፋ ሞራሌ

ግንቦት ሲገባደድ ቤቴል ውስጥ ከየግቢው የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ክረምት ደርሷል፣ ቆርቆሮው ያፈሳል፣ አሸንዳው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፣ የሰርቪስ ቤቱ በር አልዘጋ ብሏል። እሑድን የምንጠብቀው ለዚሁ ነው። ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ አባወራው መሰላሉን ያስደግፋል፣ ልጁ ሚስማር ያቀብላል፣ እናት ከታች ሆና «ቀስ በል፣ እንዳትወድቅ!» ትላለች። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነኝ፤ ዘንድሮ ግን ሰለቸኝ። ያሰለቸኝ ሥራው አይደለም። ሰው በገዛ እጁ የገጠመው መደርደሪያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሲያይ የሚሰማውን ደስታ የሚተካ ነገር አላውቅም። ያሰለቸኝ የምንገዛው ነገር ሁሉ ልኩ መጥፋቱ ነው።

ባለፈው ሰሞን የበሩን መቃን ልለውጥ ብዬ ሞራሌ ፍለጋ ወደ አየር ጤና ወረድኩ። 5 በ7፣ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስድስት ፍሬ። ሜትሬን ከኪሴ አውጥቼ ለካሁ። 5 የተባለው አንዱ ጫፍ ላይ 4 ሴንቲ ነው፣ ሌላው ጫፍ ላይ 4 ተኩል። 7 የተባለው 6 እንኳ አይሞላም። ርዝመቱም ከ4 ሜትር አሥራ አምስት ሴንቲ ይጎድላል። ለሻጩ ልጅ ሜትሩን አሳየሁት።

«ጋሼ፣ 5 በ7 ስሙ ነው እንጂ ልኩ እንደሱ አይደለም» አለኝ።

ልጁ አልዋሸኝም፤ በትህትና ነው የነገረኝ። እሱም ከመሰንጠቂያው ሲረከብ በዚሁ ስም ነው የተረከበው። ግን ስሙ ሌላ ልኩ ሌላ የሆነ እንጨት ይዤ በር እንዴት ልገጥም? ሁለቱን የመቃን እግሮች ጎን ለጎን ባቆማቸው አንዱ ከአንዱ ግማሽ ሴንቲ ይበልጣል። የማለፊያ መላጊያ ባለቤት ብሆንም ስድስት ሞራሌ በእጅ ልጌ እኩል ለማድረግ ሁለት እሑድ ይፈጅብኛል፤ ተልጎ እኩል ሲሆን ደግሞ 5 በ7 የተባለው 3 ተኩል በ5 ሆኖ ያርፋል። የከፈልኩት ግን የ5 በ7 ነው።

እርጥበቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የምንገዛው ባህር ዛፍ መጋዝ ሲገባበት ላብ የሚያወጣ ነው፤ እጅ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ክብደቱም ከደረቀው በብዙ ይበልጣል። በአጼ ምኒልክ ዘመን ማገዶና ማገር ላጣችው አዲስ አበባ የደረሰላት ይኸው ባህር ዛፍ ነው፤ ውለታው አይካድም። ነገር ግን ባህር ዛፍ ሲደርቅ ከብዙ እንጨት ይብሳል። ቁመቱ እንዳለ ሆኖ ጎኑ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ከጫፉ ጀምሮ ይሰነጠቃል። አናጺዎች ሲያስተምሩ ጣውላ በጥላ ስር፣ መሐል መሐሉ ነፋስ የሚያስገባ ስንጥር እየተደረገለት፣ ለየሁለት ሴንቲ ተኩል ውፍረቱ አንድ ዓመት ያህል ይደርደር ይላሉ። ማን ነው አንድ ዓመት ደርድሮ የሚሸጥልን? እኛስ በየግቢያችን የት እናስቀምጠው? ስለዚህ እርጥቡን ገዝተን፣ እርጥቡን ገጥመን፣ ቤት ውስጥ ሆኖ እንዲደርቅ እንተወዋለን።

የሰርቪስ ቤቴ በር የደረሰበት ይኸው ነው። መስከረም ላይ ስገጥመው ወረቀት የማያሳልፍ ነበር። ጥር ላይ በጣውላዎቹ መሐል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ወጣ፤ ማታ ውስጥ አምፖል ሲበራ ከግቢው ሆኜ የብርሃኑን መስመር እቆጥር ነበር። የካቲት ላይ የታችኛው ማዕዘን ወደ ውጭ ተጠመዘዘና የቁልፉ ምላስ ከቀዳዳው በላይ አለፈ። ቀዳዳውን በመሮ አሰፋሁለት። አሁን ደግሞ ዝናቡ ሲጀምር እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አበጠና መሬቱን እየፋቀ አልዘጋ አለ። አንድ በር በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ጠባዩን ሲቀይር ተመልካቹ የገጠመውን ሰው እጅ ነው የሚወቅሰው። እጁ ምን ያድርግ?

አባቴ ያስቀረልን የዋንዛ ሣጥን አለ። ከኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ክዳኑ ዛሬም ሲዘጋ ማዕዘኑ ላይ ፀጉር አያስገባም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክሏል፤ መከልከሉም ተገቢ ነው፣ አልቀው ነበርና። ግን በነሱ ቦታ የመጣልን እንጨት በወጉ ሳይደርቅ መሸጡ የአዋጁ ጥፋት አይደለም።

የሙያውን ቃል ልብ ብላችሁ ስሙት። ሞራሌ፣ ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ስኳድራ፣ ካቻቪቴ፣ ስቱኮ፣ ኮርኒስ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተባርሮ ሲወጣ ቃሉን ጥሎልን ሄደ፤ እኛም ወስደን የራሳችን አደረግነው። ከዚያ በፊት የነበረው ግንበኛ በክንድና በስንዝር ይለካ ነበር። ጭቃ ቤት ደግሞ ቻይ ነው። ቋሚው ጠማማ ቢሆን፣ ማገሩ ጎበጥ ቢል፣ ጭድ የተቦካበት ጭቃ ይሸፍነዋል፤ አራት ጣት ስህተት ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ዛሬ በብሎኬት ግድግዳ ላይ የላሜራ በር፣ ሴራሚክ፣ ባለ ሲሊንደር ቁልፍ፣ ተንሸራታች መሳቢያ ነው የምንገጥመው። እነዚህ ሚሊ ሜትር የሚቆጥሩ ነገሮች ናቸው። እንጨቱ ግን አሁንም ለጭቃ ቤት በሚበቃ ልክ ነው የሚሰነጠቀው። ግጭቱ እዚህ ላይ ነው፤ ፍዳውን የምናየው መሐል ላይ የቆምን ሰዎች ነን።

ቪቴውም እንዲሁ። ማጠፊያ ለማሰር አንዱን ቪቴ ያዝኩ፤ ባህር ዛፉ እንዳይሰነጠቅ ቀደም ብዬ በቀጭን መሰርሰሪያ በስቼለታለሁ፣ ሳሙናም ቀብቼዋለሁ። ግማሽ መንገድ ገባ። ከዚያ የካቻቪቴው ጫፍ መስቀሉ ውስጥ ዞረ እንጂ ቪቴው አልዞረም። ጎንበስ ብዬ ሳየው አናቱ ላይ ያለው መስቀል ተልጦ ክብ ጉድጓድ ሆኗል፤ ብረቱ እንደ እርሳስ ለስላሳ ነው። አይገባ፣ አይወጣ። በፒንሳ ይዤ ስጠመዝዘው አናቱ ተቆርጦ እጄ ላይ ቀረ፣ አካሉ እንጨቱ ውስጥ። ከአንድ ካርቶን ውስጥ እንዲህ የሆነብኝ አንድና ሁለት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ ቪቴ ሁሉ ዋጋው ናረ። ውድ ሆነ ብለን ችለን እንገዛለን። ውድ ሆኖ ደግሞ አናቱ ሲላጥ ግን ሆድ ይብሳል።

ቆርቆሮ ስንገዛም የጌጁን፣ ማለትም የውፍረት ቁጥሩን፣ ነገር ማንም ቀድሞ አይነግረንም። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 ከባለ 28 በጣም የሳሳ ነው። ብዙ ሰው ግን ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ይጠነክራል ብሎ ያስባል። ጎረቤቴ ያሉ እናት ልጃቸው ከውጭ በላከው ገንዘብ የወጥ ቤታቸውን ጣሪያ ባለ 35 አስለበሱ፤ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ የሚሻለውን የገዙ መስሏቸው ነበር። የመታው ሰው ደግሞ ሚስማሩን በሸንተረሩ አናት ላይ በመምታት ፈንታ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ መታው። በመጀመሪያው ዝናብ ሊጡ ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። «ልጄ፣ አንተ ታውቃለህና እስቲ ውጣልኝ» ብለውኝ ወጣሁ። ሲረግጡት የሚጎደጉድ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ሌላ ቀዳዳ ሳይፈጥሩ መውረድ በራሱ ጭንቅ ነው። ቀዳዳዎቹን በማጣበቂያ ደፈንኩላቸው፤ እሳቸው መረቁኝ፤ እኔ ግን ከአንድ ክረምት እንደማያልፍ አውቅ ነበርና ምርቃቱን በሙሉ ልቤ መቀበል አቃተኝ።

ችፑዱንማ ተዉት። 122 በ244 ሴንቲ የሆነውን ሉህ አስቆርጠን የወጥ ቤት ቁም ሳጥን እንሠራለን፤ ከመታጠቢያው ስር ውሃ ሲነካው እንደ ረጠበ ዳቦ ያብጣል።

ዕቃውን ገዝተን እንኳ በሰላም ወደ ቤት አንገባም። ስድስት ሞራሌና ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ጭኜ በራፌ ስደርስ ጎረምሶች ቆመው ይጠብቁኛል። «ማውረድ የኛ ነው» ይላሉ። ራሴ አወርዳለሁ ብል ያው መክፈል አለብኝ። ሃምሳ ኪሎ ከረጢት ከመኪና ወደ ግቢ ለማሻገር አሥር እርምጃ ነው፤ የሚጠሩት ዋጋ ግን ሲሚንቶው ከሩቅ አገር የተጓዘበትን ያህል ነው። ሥራ ማጣታቸው ያሳዝነኛል፤ ቢያግዙኝ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ። ያልተሸከሙትን ማስከፈላቸው ግን ይቆጠቁጣል። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። አለም ባንክ ያለ ዘመድም፣ ወይራ ሰፈር ያለ የሥራ ባልደረባም የሚያነሳው ይህንኑ ነው።

«ለምን ባለሙያ አትቀጥርም?» የሚሉኝ አሉ። ቀጥሬ አውቃለሁ። ቀብድ ተቀብሎ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት» ብሎ የሄደ አናጺ ሦስት ሳምንት ስልኩ አይነሳም። ሲመጣ ደግሞ ውሃ ልክ አይዝም፤ በዓይኑ ነው የሚያየው። ጎበዝ የሆኑት አሉ፤ እነሱ ግን የፎቅ ሥራ ላይ ናቸው፣ ለአንድ በር አይመጡም። ለዚህም ነው ራሳችን መዶሻ ያነሳነው።

መዶሻ ስናነሳ ታዲያ ሰው ያያል። የተማረ ሰው መላጊያ ይዞ ሸራ ጫማ አድርጎ ግቢው ውስጥ ሲልግ ዛሬም የሚገረም አለ። አጼ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ቢቀንስም አስተያየቱ አልጠፋም። ከብዙ ትምህርት ቤቶች ስም ጋር የተለጠፈው «አጠቃላይ» የሚለው ቃል እኮ የመጣው ከቀለሙ ጎን ለጎን የእንጨትና የብረት ሥራ ይማሩበታል ተብሎ ነው። የኔ ታላቅ ወንድም በዚያ ተምሮ የሠራት ባለ ሦስት እግር ዱካ ዛሬም ቤታችን አለች። የኔ ልጅ ግን ስኳድራ ምን እንደሆነ ያወቀው ከኔ እጅ ላይ ነው። ሻጩ ልጅም ቢሆን ከት/ቤት ሜትር ይዞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ 5 በ7 ስሙ ነው ብሎ አይመልስልኝም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው እሑድ ጠዋት መቃኑን ልጨርስ ብነሳ መብራት አልነበረም፤ መሰርሰሪያው ዝም አለ። በእጅ ልብሳ ብዬ ስቀመጥ ከማዶ የእድር ጡሩምባ ተነፋ። ሦስተኛው ቤት ሰው አርፏል። መዶሻ ይዘን የነበርነው ሁሉ አስቀመጥን፤ ከላይ ቆርቆሮ ሲመታ የነበረው ጎረቤትም ወረደ። በዚህ አላማርርም፤ ሰው ተኝቶ መዶሻ አይመታም። ድንኳን ስንተክል ግን ወዳጄ ካስማውን እያቀበለኝ «ያንተስ በር እንዴት ሆነ?» አለኝ፤ «አልዘጋም» አልኩት፤ «የኛም» አለ።

አንዱ የመቃን እግር አሁንም ከሌላው ግማሽ ሴንቲ ይበልጣል፤ ዛሬ ማታ በሩን ስዘጋው ከታች ድረስ ትከሻዬን ሰጥቼ ነው፤ ጥር ላይ ደረቅ ንፋስ ሲነፍስ ደግሞ ያው ክፍተት እንደገና ይወጣል፤ ካሁኑ ጨርቅ አስቀምጬለታለሁ።