ሙሽራ ባየ ቁጥር የሚጨልም ስክሪን

በሾኔ የእርሻ ድንበር ክርክር ዳኝቻለሁ። በጥሎሽ የተኳረፉ አማቾችን አስታርቄያለሁ፤ በሬ የወጋውን ሰው ከበሬው ባለቤት ጋር አጨባብጫለሁ። ዘንድሮ ግን ሁለት ጎረምሶች ሁለተኛውን ቡና እንኳ ሳልጠጣ ደጄ ላይ ቆሙ። አንዱ «ጋሼ፣ ብርሃኑ ቀንሶብኝ ጎል ገባብኝ፤ አልከፍልም» ይላል። ሌላው «ጋሼ፣ ውሸቱን ነው፤ ስለማይችል ነው» ይላል። የምን ብርሃን? መብራት እንደሆነ አለ፤ አምፖሉ ቦግ ብሏል፣ የጎረቤቴ ወፍጮ ይጮኻል። «የስክሪኑ፣ ጋሼ፤ ኤችዲአሩ» አሉኝ። በስተርጅና ይህም ይዳኛል?

ነገሩ የእህቴ ልጅ ጣጣ ነው። ከሀላባ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከግቢዬ ፊት ባለችው ክፍል ጌም ቤት ከፍቷል። ኪራይ አይከፍለኝም፤ እኔም አጎት ነኝና አልጠይቅም፤ ጩኸቱን ግን ሳያጓድል በየቀኑ ያስረክበኛል። ታላቅ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከሀዲያም ሆነ ከከምባታ ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ካለ አሳዩኝ። ልጁ እዚያ ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዱቄትና ሳሙና ይሸጣል፤ ሌሊት ደግሞ በሩን ማን ይሰብረው ይሆን እያለ ያድራል። እንዲህ ተጠራቅማ የምትመጣው ገንዘብ ናት እዚህ ስትደርስ የብሎኬት ቤት የምትሆነው፣ ባጃጅ የምትሆነው፣ የእናት መድኃኒት የምትሆነው። ዘንድሮ ሞኒተር ሆነች። 32 ኢንች፣ ለጌም ተብሎ የተሠራ፣ ከተራራ ዋጋ ጋር። በሰው እጅ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቦሌ ወረደ፤ ከአዲስ አበባ ሾኔ ድረስ በእህቴ ልጅ ጭን ላይ መጣ። እኔን ለሕክምና ሆሳዕና ሲወስደኝ ከኋላ ወንበር ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ነበር ያስቀመጠኝ።

ሞኒተሩን ከአሮጌዎቹ ቴሌቪዥኖች ጎን አስቀመጠና በሩ ላይ «ኤችዲአር አለ» ብሎ ጻፈ። በእሱ ለመጫወት እጥፍ ያስከፍላል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ ጥቁሩ ድቅድቅ ይላል፣ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል፤ ልክ እንደ እውነቱ!» አለኝ። ዓይን የሚወጋ ፀሐይ የፈለገ ሰው ቀትር ላይ ሾኔ ገበያ መካከል ያለ ባርኔጣ ይቁም፤ በነፃ ነው።

ብርሃኑ ልክ አለው፤ የሚለካው በኒት ነው። 1 ኒት ማለት የአንድ ሻማ ያህል ብርሃን በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ነው። ካርቶኑ ላይ 1000 ተብሎ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኤችዲአር ደረጃማ እስከ 10,000 ኒት ድረስ ቦታ ይዟል፤ መንግሥተ ሰማያትን በቀጥታ ሥርጭት ሊያሳዩን አስበው ይሆናል። በትልቁ ያልተጻፈው ነገር 1000ው የሚገኘው ከስክሪኑ 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲበራ መሆኑ ነው። 3 በመቶ ምን ያህል ነው? የባለቤቴን የሲኒ ማስቀመጫ ከረከቦት ላይ አንስቼ ስክሪኑ ላይ ደገንኩት። ከሞላ ጎደል እሱን ያክላል። ገጹ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሲሆን ብርሃኑ ወደ 250 ይወርዳል። እንግዲህ አንዱ ልጅ ሰው አገር ቆሞ የሚያድረው ለአንዲት የሲኒ ማስቀመጫ ድምቀት ነው።

የወፍጮው ባለቤት ሴት ልጁን ድሮ፣ በሠርጉ ላይ የተቀረጸውን ልናይ ተሰበሰብን። ቀረጻው በአይፎን ነው፤ ከ12ኛው አይፎን ወዲህ ስልኩ ራሱ በኤችዲአር ይቀርጻል። የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ከሞኒተሩ ጋር አገናኘ። መጀመሪያ ሚዜዎቹ መጡ፤ ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፤ የአዳራሹ መብራት ጫማቸው ላይ ያብለጨልጫል፤ የአንዱ ሚዜ የወርቅ ጥርስ ዓይናችንን ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም። «ይኸዋ!» አለ የእህቴ ልጅ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ሙሽራዋ ነጭ ቬሎዋን እየጎተተች ገባች። ካሜራው ቀረባት። ቬሎው ስክሪኑን ሞላው። ስክሪኑም እዚያው ጨለመ። በቀትር ተድራ አመሻሽ ላይ የገባች መሰለች። ሚዜዎቹ ሲመለሱ እንደገና በራ፤ እሷ ስትመጣ ደበዘዘ። እናቷ ከወንበሯ ተነስታ «ልጄን ምን አደረጋችኋት?» ብላ ጮኸች። አባቷ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። እስከ ዛሬ የእህቴን ልጅ ሰላም የሚለው በአገጩ ነው።

ጥፋቱን ለይቼ ማየት አለብኝ፤ ሽማግሌ ነኝ። ከፊሉ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የዚህ ዓይነት ስክሪን ከኋላው የሚያበራ አምፖል የለውም፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ያበራሉ። ለዚህ ነው ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር የሚሆነው፤ ነጥቧ ትጠፋለች፣ አበቃ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ልብራ ካለ ግን ብዙ ኃይል ይስባል፣ ይግላል፣ ቶሎም ያረጃል። ስለዚህ ውስጡ ተቆጣጣሪ ተቀምጦለታል፤ ነጩ ሲሰፋ «ቀስ በል» ይለዋል። ይህን ተቀብያለሁ። ያልተቀበልኩት ሌላውን ነው። ሞኒተሩ ሁለት ኤችዲአር አለው። አንደኛው የ1000ው ነው፤ እሱ ሲመረጥ ትንንሾቹ ብርሃኖች ያንጸባርቃሉ፣ የቀረው ምስል ግን መሆን ከሚገባው በታች ይደበዝዛል፤ ነጩ ብቻ ሳይሆን ሣሩም፣ ፊቱም። ሁለተኛው «ትሩ ብላክ 400» ይባላል፤ እሱ ልኩን ይጠብቃል፣ ፀሐዩ ግን ያን ያህል አይወጋም። እንግዲህ ወይ 1000ውን ይዘህ ትደናበራለህ፣ ወይ በ400ው ረጋ ትላለህ። የመጀመሪያው ከመጠን በላይ መደብዘዙ የሽቦ ሳይሆን የሒሳብ ስህተት ነው፤ ሞኒተሩ ውስጥ ያለው ፈርምዌር የሚሠራው ሒሳብ። ሒሳብ ደግሞ ይታረማል።

አምራቹም አልካደም። የእህቴ ልጅ ጻፈለት፤ መልስ መጣ፤ «ችግሩን አውቀነዋል፤ በሚቀጥለው አፕዴት ይስተካከላል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን»። ትዕግሥቴን ማን ሰጣቸውና ነው የሚያመሰግኑት? ይህን መልስ እኔ አውቀዋለሁ፤ አብረን ነው ያረጀነው። ስለ ቧንቧም ሰምቼዋለሁ፣ ስለ መንገድም ሰምቼዋለሁ፤ አሁን በእንግሊዝኛ መጣ። ላም አለኝ በሰማይ!

የገረመኝ ያልተጨረሰ ነገር ሙሉ ዋጋ ማውጣቱ ነው። እኛ አገር እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይጠበቃል፤ ቸኩላ ያልበሰለ ቆጮ ገበያ አውጥታ «ሙሉ ብሩን ክፈሉኝ፣ መብሰሉን በሚቀጥለው አፕዴት እልካለሁ» ያለች ሴት ግን በእኛ ባደዋቾ ምድር አልታየችም። ብትታይም ሌሎቹ ሴቶች ያሳዩአት ነበር።

ጥቁርና ነጩን ያየሁ ሰው ነኝ። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ባለቀለም የሆነው በ1977፣ ኢሠፓ በተመሠረተበት ሰሞን። እኔ ቤት የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ግን ደርሷል። ባለ 14 ኢንች ነበር። ፊቱ ላይ የድምፅ ቁልፍ፣ የብርሃን ቁልፍ፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይበራል፣ ወደ ግራ ይጨልማል። እምቢ ካለ ጎኑን በጥፊ። በዚህኛው ግን ቁልፍ ፍለጋ ዙሪያውን ዳበስኩ፤ ከአገጩ ሥር ጣት የማታክል ዘንግ አለች፤ ስትነካ ዝርዝር ይመጣል። ብርሃን የሚለው መስመር ላይ ደረስኩ፤ ግራጫ ሆኖ ተቆልፏል። «ጋሼ፣ ኤችዲአር ሲበራ ብርሃን መጨመር አይቻልም» አለኝ የእህቴ ልጅ። በብርሃኑ የሚታወቅ ዕቃ፣ ብርሃኑን አትንካ ይላል! በጥፊም አልሞከርኩትም፤ ዋጋውን ሳስብ እጄ ዛለ።

ወደ ሁለቱ ጎረምሶች ልመለስ። ጎል የገባበት ልጅ በፕሌይስቴሽን 5 ኳስ ሲጫወት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሞላበትን ስታዲየም መርጧል። ካሜራው ወደ ፀሐዩ ሲዞር ሜዳው ደበዘዘ፤ ተከላካዩ ጠፋበት፤ ጎል። ባላጋራው ያይ የነበረው ያንኑ ስክሪን ስለሆነ ክርክሩ ውሃ አያነሳም ነበር፤ ዳሩ ልጁ «እሱ ስክሪኑን ሳያይ ነው የሚጫወተው፣ እኔ በዓይኔ ነው» አለ። ጥሩ ጠበቃ ይወጣዋል። ፈረድኩ፦ የባከነችው ጨዋታ ትደገም፤ የአፕዴቱ ፋይል እስኪመጣ ሞኒተሩ በ400ው ይቀመጥ፤ ዋጋውም ከሌሎቹ እኩል ይሁን፤ የእህቴ ልጅ ለሁለቱም ለስላሳ ይግዛ። ለስላሳውን ጠጡና ፍርዱን ናቁት። «በ400ው ፀሐዩ ፀሐይ አይመስልም» ብለው ራሳቸው ወደ 1000ው መለሱት። ዛሬም በዚያው ይደናበራሉ፤ ዛሬም እጥፍ ይከፍላሉ። የእህቴ ልጅ ያተረፈው በበሽታው ነው።

ይምጣ እንበል ፋይሉ። በፍላሽ ተጭኖ ሞኒተሩ ጀርባ ይሰካል፤ እያነበበ ሳለ መብራት ከሄደ ሞኒተሩ ለዘለዓለሙ ዓይኑን ሊጨፍን ይችላል። መመሪያው «ኃይል እንዳይቋረጥ» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ሾኔን ቢያውቅ ኖሮ እስክሪብቶውን ያስቀምጥ ነበር። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት። እልል ብያለሁ፤ ቦንድም ገዝቻለሁ። ከግድቡ እስከ እኛ ቤት ግን ሽቦ አለ፣ ምሰሶ አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ ትራንስፎርመሩ ላይ የሚያርፍ አሞራ አለ። ያ ሁሉ ቢሰምር እንኳ ወፍጮው አለ፤ ሞተሩ ሲነሳ ሰፈሩ በሙሉ ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስታብላይዘሩ ቋ ቋ ይላል።

ስለዚህ ወደ ወፍጮው ባለቤት አማላጅ ሆኜ ተላክሁ። ላኪዎቼ የእህቴ ልጅና እነዚያው ፍርዴን የናቁት ጎረምሶች ናቸው፤ ሄጄ «ፋይሉ የሚጫንበት ቀን ወፍጮህን ለጥቂት ደቂቃ አቁምልን» ልበለው። ሰውየው እኩያዬ ነው፤ በቆሎ እየሰፈረ፣ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ አዳመጠኝ።

«ፋይሉ መጥቷል?»

«አልመጣም።»

«መቼ ይመጣል?»

«በቅርቡ ብለዋል።»

ሣቀ፤ ከሠርጉ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «አቆማለሁ» አለኝ፤ «ግን ሲሠራ መጀመሪያ የሚታየው የልጄ ቬሎ ነው፤ ኳስ አይደለም፤ ከነእናቷ መጥቼ እቀመጣለሁ።» ይህን ይዤ ተመለስኩ። ጎረምሶቹ ተቃወሙ፤ ለዚያ ቀን ዋንጫ አዘጋጅተናል፣ ተጫዋቾች ከሀላባም ከቦዲቲም ጠርተናል አሉ። እሱም ይህን ሰምቶ ወፍጮዬን አላቆምም ብሎ ልኳል። ገና ላልመጣ ፋይል ሙሽራዋ ትቅደም፣ ዋንጫው ይቅደም ተብሎ ሁለቱም ወገን ለቅዳሜ ሽማግሌ ጠርቷል። ሽማግሌው እኔው ነኝ፤ አሁን የቀረኝ ቡናውን የሚያፈላው የትኛው ወገን እንደሆነ ማስወሰን ነው።