ግራ ዓይኑ የጠፋው ረዳት

በሳሪስ ታክሲ ውስጥ ሂሳብ ሳቀብለው የረዳቱ ግራ ዓይን የለም። አፍንጫው አለ፤ ቀኝ ጉንጩ አለ፤ ግራው ጋ ግን ምንም። ጥቁርም አይደለም፣ በቃ የለም። ወዲያው እዚያው ቦታ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለ ብርሃን እየተንቀጠቀጠ ወደ ዳር ይሰፋ ጀመር።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጎተራ ላይ ወረድኩ። ሎሚ የሚሸጡ እናት በርጩማቸውን ለቀቁልኝ። «ምች ነው ልጄ፣ ዳማከሴ ይታሽልህ» አሉኝ። አንዱ ወጣት ደግሞ ክንዴን ይዞ መነጽር ቤት አስገባኝ። ባለሙያው ፊደል ሊያስነብበኝ ሲዘጋጅ ብርሃኑ ጠፋ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ከዚያ ቀኝ ጭንቅላቴን ይፈልጠኝ ገባ።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ በደንብ ከመረመረኝ በኋላ ኦራ ያለው ማይግሬን መሆኑን ነገረኝ፤ ኦራ የሚባለው ያ ብርሃን ነው። ዓይኔ ጤነኛ ነው፤ ነገሩ የሚነሳው እይታን ከሚያስተናግደው የአንጎል ኋለኛ ክፍል ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ካርል ላሽሊ የራሱን ኦራ በወረቀት ላይ እየነደፈ፣ በአንጎል ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚጓዝ በ1941 እ.ኤ.አ. አስልቷል። ይህን ሳነብ ፍርሃቴ ቀለለልኝ። ቀስ ብሎ የሚሰፋው ለካ ስለሚጓዝ ነው!

አሁን ሲመጣብኝ እቀመጣለሁ፤ መኪና እየነዳሁ ከሆነ ዳር እይዛለሁ። ሰዓት አያለሁ። አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎ ሌላውን እሸፍናለሁ፤ ብርሃኑ በሁለቱም ከታየ የማውቀው እንግዳ ነው። በአንድ ዓይን ብቻ መጋረጃ ሲወርድ፣ እይታ ድንገት ሲጠፋ፣ ምላስ ሲተሳሰር፣ ክንድ ሲዝል፣ ፊት ሲጣመም ግን ሩጫው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ብርሃኑ ከአንድ ሰዓት ሲያልፍ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣም ሐኪም ሳያዩ ማደር አይገባም። የእኒያ እናት ደግነት ከልቤ አይጠፋም፤ የሚያስፈራኝ ስትሮክንም «ምች ነው» ብለን ቤት ማስተኛታችን ነው።

ታሪኩን ለእህቴ ስነግራት «ያ ብርሃን እኮ እኔም ጋ ይመጣል» አለችኝ። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን ትወስድ ነበር፤ ኦራ ላለባት ሴት ይህ ለስትሮክ ያላትን ተጋላጭነት ይጨምራል። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደን ነገሩን ሁሉ ዘረዘርን፤ ሐኪሟም ኤስትሮጅን በሌለው ቀየረችላት።