ፉርጎ በመስታወት ሳጥን

እኛ የጭሮ ሰዎች ከባቡር ጋር ያለን ዝምድና ከጎረቤት ሠርግ ጋር እንዳለን ዝምድና ነው፤ እልልታውን እንሰማለን እንጂ አንጠራም። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ የጨርጨርን ዳገት ሸሽቶ በአፍደምና በሚኤሶ ቆላ ለቆላ አለፈ። በ2009 የተመረቀው ሰፊው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚያው በሚኤሶ በኩል ሄደ። ሁለተኛ ሠርግ፣ አሁንም ጥሪ የለም።

መፍትሔው ግን ተገኝቷል። ፈረንጆች ሞዴል ባቡር በካርቶን ይሸጣሉ። የፉርጎው ግድግዳ ለብቻ፣ መንኮራኩሩ ለብቻ፣ መንጠቆው ለብቻ ነው። ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ሙጫ ያለው ሰው ሦስት ቅዳሜ ጎንበስ ብሎ ይገጥመዋል። እንደ አሮጌው ምድር ባቡራችን የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ለሆነ መስመር አንዱ የታወቀ ልክ 1 ለ 87 ነው፤ ሐዲዱ 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ስሌቱን ሠራሁት። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ነው። ከጭሮ ብንጀምረው ሚኤሶ ሳይደርስ ያልቃል። ምን ቸገረን? ዋናውስ ዛሬ የት ይደርሳል?

ጥቅሙ ተዘርዝሮ አያልቅም። ነዳጅ አይጠጣም። ሾፌሩ ደመወዝ፣ ጥበቃው ጡረታ አይጠይቅም። ሐዲዱም ተነቅሎ የአጥር ቋሚ አይሆንም፤ ጥርስ መጎርጎሪያ ካልተፈለገ በቀር።

ደግሞም ሞዴል ለኛ ባዕድ አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ የቆረቆሩት ለሌላው አገር አርአያ ትሁን ብለው ነው። ሞዴል ከተማ ሆነናል፤ ሞዴል ቀበሌና ሞዴል አርሶ አደር አይተናል። የቀረን ሞዴል ፉርጎ ብቻ ነበር።

እሱንም አየሁት። በአንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያ ክፍል በመስታወት ሳጥን ተቀምጧል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ በሩ ላይ ያለችው እጀታ የስንዴ ፍሬ አታክልም። ጠጋ ብዬ ሳይ መንኮራኩሩ ከሐዲዱ ጋር በሙጫ ተጣብቋል።

«ለምንድን ነው?» አልኩ።

«እንዳይወድቅ ነዋ!»

አገሩ ሁሉ ዘግይቶ የደረሰበት ጥበብ ይኸው ነው፤ የማይሄድ ባቡር አይወድቅም። አይዘገይም፣ ጭነት አያጎድልም፣ ተሳፋሪው አያማርርም። እውነተኛው ፉርጎ በየጣቢያው ዝገት ሲበላው ማንም መስታወት አልገዛለትም፤ ትንሹ ግን በየሳምንቱ ይወለወላል። ታላቁን የገደለ እጅ ታናሹን ሲያሻሽ ማየት ልብ ያሞቃል።

ያን ዕለት ማታ ጭሮ ገበያ ዳር አንድ ልጅ ከሰርዲን ጣሳ የሠራውን ባቡር በሲባጎ ይጎትታል። እግሮቹ ቆርኪ፣ መንጠቆዎቹ ሽቦ ናቸው። በሦስቱ ጣሳ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኗል። ጠጠር ላይ አንዱ ተገለበጠ፤ አንስቶ አስተካከለው። ስለ መስታወቱ ፉርጎ በኩራት አጫወትኩት።

«ጋሼ፣ እሱ ምን ይጭናል?» አለኝ።

«ክብር» ልለው አፌን ስከፍት ልጁ ሲባጎውን ስቦ መንገዱን ቀጥሏል። እናቱ ድስት ጥዳ ሽንኩርቱን እየጠበቀች ነው።