ማን ያነሳኛል?

የሰፈራችን ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ስለ ጀግንነትና ግብረ ገብ እንዲናገሩ አንድ የኮሪያ ዘማች አባባን ጠራ። ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ነበር። አባባ ሩብ ጉዳይ ሲሆን በር ላይ ነበሩ፤ ርዕሰ መምህሩ አራት ተኩል ላይ ደረሱ።

«ይቅርታ አባባ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው።»

«ምንም አይደል ልጄ። እኛም በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ ኮሪያ በመርከብ ነው የሄድነው፤ ያም ሆኖ እንዳንተ አላረፈድንም።»

አዳራሹ ሞላ። የፊት ወንበሩ አራዳ ጀመረ፦ «አባባ፣ የዘመቱበት ጦር ስም ‹ቃኘው› የፈረስ ስም ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«አዎ፣ የራስ መኮንን ፈረስ ነው። እሱ ስሙን ለጦር አወረሰ፤ ያንተን ስም ግን የወረሰው የቀሪ መዝገብ ብቻ ነው አሉ።»

ጓደኛው ሊበቀልለት ተነሳ፦ «ስንት ሰው ማረኩ?»

«ስንት ሰው እንዳላስማረክን ጠይቀኝ። ከ3,000 የምንበልጥ ሰዎች ተፈራርቀን ስንዋጋ ከ120 በላይ ጓዶች ሞተውብናል፤ በጠላት እጅ የገባ ምርኮኛ ግን አንድም የለንም። የወደቀውን እናነሳለን፤ ቆስሎም ይሁን ሞቶ ተሸክመን እንመለሳለን።»

«ሬሳ ተሸክሞ መሸሽ ግን አይከብድም?»

«ይከብዳል እንጂ! ለዚህ እኮ ነው ያልሸሸነው።»

ርዕሰ መምህሩ ዕድሉን አገኙ፦ «አያችሁ ልጆች! ጀግና ማለት ተኳሽ ማለት ነው!»

«መተኮስማ ካውያም ይተኩሳል» አሉ አባባ። «እኛ ዶንግዱቾን ላይ ወላጅ ያጡ የኮሪያ ሕፃናትን ከደመወዛችን እያዋጣን አብልተናል። ያንን በጥይት ሞክረው እስኪ!»

ከኋላ አንዷ፦ «ታዲያ እኛ ጀግንነቱን የት እንማር? ኮሪያ ዛሬ ቪዛ ትጠይቃለች!»

«ሩቅ ምን አስኬደሽ? ጠዋት በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ አንድ ልጅ ጭቃው አዳልጦት ወደቀ። ስድስት ሆናችሁ ከበባችሁት። ‹ተመስገን፣ ሊያነሱት ነው› አልኩ። እውነትም አነሳችሁት፤ በስልክ!»

አዳራሹ ጭጭ አለ። ርዕሰ መምህሩ ዝምታው ሲጨንቃቸው «በሉ ከአባባ ጋር ፎቶ እንነሳ!» አሉ። ስልኩ ሁሉ ተደቀነ።

«ግድ የለም» አሉ አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ከወንበሩ ጋር እየታገሉ፣ «መጀመሪያ ግን እኔን ማን ያነሳኛል?»

አራዳው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሮጠና ብብታቸውን ደገፈ። ቀና ብለው አዩት፦

«በል፣ ዛሬስ ተገኝተሃል።»