ቶርኔዶን ደጅ ወጥቶ መቀበል

ዓይናችሁ ያላየውን አትመኑ፤ የቀረው መመሪያ ሁሉ ከዚህ ይወለዳል። የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮኽ በረንዳ ላይ ውጡና ሰማዩን መርምሩ፣ ጎረቤት ጠይቁ፣ ቴሌቪዥኑ ምን እንደሚል አዳምጡ። ዘዴው ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2011 ሚዙሪ ውስጥ ለጆፕሊን ከተማ ማስጠንቀቂያ የወጣው ቶርኔዶው መሬት ከመንካቱ 17 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ነበር። የአሜሪካ የአየር ትንበያ አገልግሎት በኋላ እንደገመገመው፣ አብዛኛው ነዋሪ የመጀመሪያውን ሳይረን ሰምቶ ወዲያው አልተጠለለም፤ ሌላ ማረጋገጫ ፈለገ። በዚያ ቀን ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። «ሳይረኑ እኮ ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ምንም አይመጣም» የሚል ሰው አልዋሸም፤ ከማስጠንቀቂያዎቹ አብዛኞቹ በባዶ ያልፋሉ። እዚህ ላይ ግን ሂሳቡን አቁሙ። ከቀጠላችሁ፣ በከንቱ መጠለል የሚያስከፍለው ምድር ቤት ወይም መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሩብ ሰዓት መቀመጥን ብቻ መሆኑ ይገለጥና መመሪያችን ይበላሻል።

መስኮቱንም ክፈቱለት። ግፊቱ ካልተመጣጠነ ቤቱ ይፈነዳል የሚለው ወሬ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ቤት የሚያፈርሰው ግን ነፋሱና የሚወረውረው ፍርስራሽ ስለሆነ፣ የተከፈተ መስኮት ጣሪያውን ከውስጥ ለመንቀል ያግዘዋል። (እንግዳ በበር ነው የሚገባ የምትሉ አትጠፉም፤ ይህኛው ወግ አያውቅም።) መንገድ ላይ ከሆናችሁ ድልድይ ሥር ተወሸቁ። በ1991 ካንሳስ ውስጥ እንዲህ አድርገው የተረፉ ሰዎች ቪዲዮ ብዙዎችን አሳምኗል፤ በዓይን የታየ ማስረጃ ነውና። ነፋስ በጠባብ ቦታ ሲያልፍ እንደሚፈጥን ግን ቪዲዮው አያሳይም። ሜይ 3 ቀን 1999 ኦክላሆማ ውስጥ በሦስት የተለያዩ ድልድዮች ሥር የተሸሸጉ ሦስት ሰዎች ሞቱ።

ከተረፋችሁም እምነታችሁን አትለውጡ። የወደቀ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኖሩ አይታይም፤ ተራመዱበት። ከጄኔሬተር የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም፣ ቀለምና ሽታ የለውም፤ ጄኔሬተሩን ሳሎን ውስጥ አስነሱ። ሚስማር የበዛበት ፍርስራሽ ላይ በነጠላ ጫማ መሄድ ደግሞ ማብራሪያ አያሻውም።

«ቢሆንም፣ ሲመጣ አየዋለሁ» ለምትሉ የመጨረሻ ማስረጃ አለ። ዲሴምበር 26 ቀን 2015፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዳላስ አካባቢ፣ ጋርላንድ ከተማን ቶርኔዶ የመታው ከመሸ በኋላ ነበር። 10 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ነበሩ።